«እንደውልልሻለን» ብላችሁ ለቀራችሁ ቀጣሪዎች

ይድረስ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ፍሮንት ኢንድ ዴቨሎፐር ለምትቀጥሩ የሶፍትዌር ድርጅቶች፣ ለባንኮች የዲጂታል ክፍል ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ለሰው ኃይል ባልደረቦች

ጉዳዩ፦ ስለ ኢንተርቪዋችሁ

ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት ሰባት ዓመታት ኑሮዬን በፍሮንት ኢንድ ሥራ የምገፋ ሴት ነኝ። ድረ ገጽ ስትከፍቱ የምታዩት ነገር፣ የምትጫኑት በተን፣ የምትሞሉት ፎርም፣ ስትሳሳቱ በቀይ ብቅ የሚለው ጽሑፍ፣ ሁሉም እንደኔ ባለ ሰው እጅ ያለፈ ነው። በእነዚህ ዓመታት 11 ቦታ ኢንተርቪው ተቀምጫለሁ። ሦስቱ ቀጠሩኝ። ሁለቱ «አላለፍሽም» ብለው በክብር ነገሩኝ። የቀሩት ስድስቱ «እንደውልልሻለን» እንዳሉ የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። ስልክ ቀይራ ይሆናል እንዳትሉ፣ ቁጥሬ ያው ነው።

ስም አልጠራም። ስም ብጠራ ነገሩ የአንድ ቤት ጥፋት ይመስላል፤ የማወራው ግን ሁላችንም ስለለመድነው ነገር ነው። ሁላችንም ስል ራሴንም ጨምሬ ነው፤ ከአምና ጀምሮ እኔም ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ጠያቂ ሆኛለሁ። ወደዚያም እመጣለሁ።

አንዱን ልንገራችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ሕንጻ፣ ስድስተኛ ፎቅ። ጠዋት 3 ሰዓት ነይ ተባልኩ፣ 2:30 ደረስኩ። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያዬን ተቀብሎ የላፕቶፔን ሲሪያል ቁጥር መዝገብ ላይ ጻፈና «ስትወጪ አሳይኝ» ብሎ አስገባኝ። ሊፍቱ አይሠራም። ላፕቶፔን ተሸክሜ ስድስት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። የተሸከምኩት የሠራኋቸውን ነገሮች ከፍቼ ላሳይ ብዬ ነበር፤ ከቦርሳው ሳይወጣ ተመለሰ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃል ያለው ሁለት ነጭ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ወደኔ ገፋ አደረገና በእንግሊዝኛ ጀመረ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሊንክድ ሊስት (እያንዳንዱ ቀጣዩን እየጠቆመ የሚያያዝ የመረጃ ሰንሰለት) መገልበጥ ነበር። ወረቀት ላይ። በሰባት ዓመት ውስጥ ሊንክድ ሊስት ገልብጪልኝ ብሎ የደወለ ደንበኛ የለኝም። «በተኑ በኔ ስልክ ከስክሪኑ ውጭ ይወጣል» ብሎ የደወለ ግን ቁጥር የለውም። እንደ ምንም ጻፍኩት፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ከጭንቅላቴ ጥግ አልጠፋም ነበር።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ድረ ገጽ የምንሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ የጃቫስክሪፕት ነው፦ ነል (ባዶ፣ «ምንም የለም» ማለት ነው) ዓይነቱ ምን ተብሎ ይመለሳል? መልሱ «ኦብጀክት» ነው፤ የሌለውን ነገር አለ እንደማለት። ትክክል ስላልሆነ ነው የሚጠየቀው። ብሬንዳን አይክ በ1995 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ ውስጥ ቋንቋውን በአሥር ቀን ሲሠራው የገባ ስህተት ነው፤ ቢነካ በዓለም ላይ ያሉ አሮጌ ድረ ገጾች ይበላሻሉ ተብሎ እንዳለ ቀርቷል። ሌላ አገር ያለ ሰው በጥድፊያ የሠራው ስህተት እነሆ ሜክሲኮ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የኔ መመዘኛ ሆኖ ቀረበ። መለስኩት። ጠያቂው ደስ አለው። ይህን በማወቄ ለድርጅቱ ምን እንደምፈይድለት ግን እሱም እኔም አልገባንም።

ሦስተኛው ሲኤስኤስ (የገጹን መልክና አቀማመጥ የሚወስነው ቋንቋ) ነው፤ አንድን ሳጥን በገጹ መሃል ማስቀመጥ። ይኼስ የሥራዬ ነው፣ ደግ ጥያቄ ነው። ግን በወረቀት! ወጥ ሠሪ ሊቀጥር የመጣ ሰው ድስቱን ደብቆ የዶሮ ወጥ አሠራር በጽሑፍ አስረጂ ቢል ምን ትሉታላችሁ? እኛ በብራውዘር ነው የምናስበው። እንጽፋለን፣ እናያለን፣ ሁለት ፒክስል እንገፋለን፣ እንደገና እናያለን። ዓይናችንን አስሮ እጃችንን መፈተን ምን ዓይነት ሚዛን ነው? መብራት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ እረዳ ነበር። መብራት ነበር። ፕሮጀክተሩ እንኳ በርቶ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የድርጅቱ ሎጎ ይሽከረከራል።

እዚያ ክፍል ውስጥ አራታችንም አፋችንን የፈታነው በአማርኛ ነው። ጠያቂው «ፕሊስ ኤክስፕሌይን» እያለ ቆይቶ ሲጨርስ «ሻይ ትጠጫለሽ?» አለኝ። ድምፁ ተቀየረ፣ ትከሻው ወረደ፣ ሌላ ሰው ሆነ። እኔም ሌላ ሰው ሆንኩ። ኢንተርቪው ያደረጉት የትኛዋን እኔን እንደሆነ እስካሁን አስባለሁ።

እንግሊዝኛ አያስፈልግም አላልኩም። መመሪያውም፣ የስህተት መልእክቱም፣ መልስ የሚገኝበት ቦታም በእንግሊዝኛ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰው ይቸገራል። ታዲያ ማንበቡን ፈትኑ። አንድ ገጽ መመሪያ ስጡትና «አንብብና የገባህን በራስህ ቋንቋ ንገረኝ» በሉት። ያነበበውን በአማርኛ አቃንቶ የሚያስረዳ ሰው ገብቶታል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ እየተንተባተበ በቃሉ የሚወጣው ምን እንደገባው ግን እንዴት ታውቃላችሁ?

ይህን የምለው ከራሴ በደል ተምሬ ነው። አምና ያለሁበት ቤት ጁኒየር ፈልገን ኢንተርቪው እንዳደርግ ተመደብኩ። ከመጡት አንዱ ከጅማ ነበር። አንድ ቀን ቀድሞ ተነሥቶ፣ አየር ጤና ዘመድ ቤት አድሮ፣ በነጋታው ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። እኔ ሜክሲኮ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጥኩባትን ወንበር ረስቻታለሁ። በእንግሊዝኛ «ክሎዠር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ በዙሪያው የነበረውን መረጃ አስታውሶ የሚይዝ የኮድ ክፍል ማለት ነው። ልጁ ጀመረ፣ አቆመ፣ እንደገና ጀመረ፣ ላቡ ጠብ ጠብ አለ። እጁ ወደ ኪሱ ሄዶ ስልኩን ያዘ፤ ሊያሳየኝ የፈለገው ነገር ነበረው። «ኋላ ታሳየኛለህ» አልኩት። ኋላ የሚባለው አልመጣም፤ የተመደበልን 20 ደቂቃ ነበር። ፎርሙ ላይ «ቤዚክ ይጎድለዋል» ብዬ ጻፍኩ። በራሴ እጅ።

ማታ ቤት ገብቼ ሲቪው ላይ ያለውን የጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ሊንክ ከፈትኩ። ለአንድ ፋርማሲ የሠራው የመድኃኒት መቆጣጠሪያ ነው፤ ምን ያህል እንደቀረ፣ መቼ እንደሚበላሽ የሚያሳይ። ኮዱ ውስጥ ክሎዠር በየመስመሩ አለ። ስሙን በእንግሊዝኛ ትንታኔ መስጠት አቃተው እንጂ ልጁ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። ከሁሉ የገረመኝ የቀን መምረጫው ነው። በራሱ የጻፈው ነው፤ 13 ወር አለው። ጳጉሜ ሲመረጥ ዓመቱን ለአራት ያካፍልና ቀሪው 3 ከሆነ ስድስተኛውን ቀን ይጨምራል፣ ካልሆነ አምስት ላይ ያቆማል። ከጎኑ በአማርኛ አስተያየት ጽፏል፦ «ዘመነ ሉቃስ»።

በነጋታው ቢሮ ስገባ ሌላ ሰው ተመርጦ ደብዳቤው ተፈርሟል። የተመረጠው ልጅ ጎበዝ ነው፣ አሁንም አብሮን ይሠራል። እኔ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ተሳስቻለሁ፣ እንደገና እንየው ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ለጅማው ልጅም አልደወልኩለትም። ስድስት ቤት ባደረጉባት ነገር የምትነጫነጭ ሴት ሰባተኛዋን ቤት ራሷ ሠራች።

አሁን ወደ ቤት ሥራው ልምጣ፤ «ቴክ ሆም» ወደምትሉት።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ አንድ የዕቃ ማድረሻ ድርጅት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቴሌግራም የፊግማ (የዲዛይን መሥሪያ) ሊንክ ላኩልኝ። ሰባት ገጽ ነው፦ መግቢያ፣ መመዝገቢያ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ ማዘዣ፣ ክፍያ፣ ትዕዛዝ መከታተያ፣ የግል መረጃ። «ሰኞ ጠዋት 2:30 አስረክቢ፤ ስልክ ላይም በደንብ መሥራት አለበት» ይላል። ዲዛይኑ ላይ የድርጅቱ እውነተኛ ሎጎ አለ። ቀለሙ የእነሱ ነው። ከገጹ ግርጌ አድራሻቸውና ስልክ ቁጥራቸው ሳይቀር ተቀምጧል። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ለፈተና ብቻ የተዘጋጀ ዲዛይን ስልክ ቁጥሩ ለምን ትክክል ይሆናል?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፔን ይዤ ካፌ ገባሁ። በአንድ ማኪያቶ አራት ሰዓት መቀመጥ አሳፍሮኝ ሦስት ጠጣሁ፤ የካፌው ዋይፋይ ሲሞት የስልኬን ዳታ ከፈትኩ። እሁድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጨረስኩ። አንድ መጥፎ ልማድ አለችኝ። ለገጹ ክፍሎች ስም ስሰጥ የበላሁትን እሰጣቸዋለሁ፤ በኋላ ማጽዳት ነው ሐሳቤ። የጀመርኩት ዓርብ ማታ ስለነበር የዕቃውን ዝርዝር የሚይዘው ሳጥን በላቲን ፊደል «ሽሮ-ካርድ» ተባለ። የማዘዣው በተን «ቃሪያ-በተን»። እንቅልፌ ስለመጣ ሳላጸዳ ላክሁት። ሰኞ ሁለት ሰዎች «በጣም ቆንጆ ነው» አሉኝ። ከዚያ እንደውልልሻለን።

ስድስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጓደኛዬ «ይኼን አይተሽዋል? አሪፍ ነው» ብሎ ሊንክ ላከልኝ። ከፈትኩት። ቀለሙን ሳየው ሆዴ ፈራ። ማውዙን ቀኝ ተጫንኩና የገጹን ኮድ ገለጥኩ። ሽሮ-ካርድ። ሽሮ-ካርድ። ሽሮ-ካርድ። አሥራ ሁለት ዕቃ፣ አሥራ ሁለት ሽሮ። ቃሪያዬም በቦታዋ ናት። የፊደል ግድፈቴን እንኳ አላረሙትም፤ መግቢያው ገጽ ላይ «የይለፍ ቃልዎን ረስዋል?» ብዬ «ተ»ዋን በልቻት ነበር፣ ያለ «ተ» ሥራ ላይ ዋለች። ደወልኩ። የሰው ኃይሏ ልጅ በጣም በትህትና «ሥራው በውስጥ ቲማችን ነው የተሠራው እህቴ» አለችኝ። ምን እላለሁ? በሽሮዬ ልማል?

የሰው ኃይል ባልደረቦች ሆይ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ይጠብቃል። ቅጥር የለ፣ ውል የለ፣ ክፍያ የለ፤ አንድ አመልካች ሰንበቱን ሠውቶ የጻፈውን ኮድ ወስዶ ለደንበኛ መክፈት ምን ተብሎ እንደሚጠራ ለሕግ ክፍላችሁ ተዉት። እኔ ግን ይኼን እላለሁ፦ ቤት የሚሠራ ፈተና የግድ ካስፈለገ ከሦስት ሰዓት አይብለጥ፣ ከእናንተ ሥራ ጋር የማይገናኝ ይሁን፣ ከዚያ ከበለጠ ክፈሉ። የሌለ ሱቅ ፍጠሩና የሌለውን ሱቅ አሠሩን። ሎጎ አታስቀምጡ። ሎጎ ያስቀመጠ ቤት ዓላማው ይታወቃል።

እስቲ ደግሞ ሥራው ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ስትፈትኑን የምትረሱት እሱን ነውና። ፍሮንት ኢንድ አዲስ አበባ ውስጥ ማለት ምን ማለት ነው?

አንዱን በጳጉሜ ነክቼዋለሁ። የውጭ የቀን መምረጫ ወስዳችሁ የወር ስሞቹን ብቻ በአማርኛ ስትቀይሩ 12 ወር ይወጣል። ጳጉሜ የተወለደ ሰው ምን ይሙላ? ጳጉሜን ጨምረንማል የምትሉም አምስት ቀን ላይ ቆማችኋል። ጳጉሜ 6 ቀን 1987 የተወለደ ሰው ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ ሒሳብ ሊከፍት ይመጣል፣ ፎርማችሁ «ትክክለኛ ቀን ያስገቡ» ይለዋል። ትክክለኛ ቀኑ ነው እኮ!

ሰዓትም አለ። አንዲት ደንበኛ ዕቃ እንዲደርሳት 3:00 ብላ መረጠች፤ ጠዋት ማለቷ ነው። ሲስተሙ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «ሾፌሩ በር ላይ ነው» የሚል መልእክት ላከላት። ይህን ችግር የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ያረምኩትም እኔው። ማንም ኢንተርቪው ላይ «ሰዓት የምትቆጥረው በየትኛው ነው፣ ሰርቨሩስ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ፍለጋው ይባስ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አስቡት። በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ፣ በሀሌታው ሀ ወይም በሐመሩ ሐ ወይም በብዙኃኑ ኀ፣ እነዚያንም በግዕዝ ወይም በራብዕ። ሁለት በስድስት፣ 12 ዓይነት አጻጻፍ፣ በአፍ አንድ ድምፅ። ባንክ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ «ጸሀይ» ብላ ስትፈልግ «ፀሐይ» ብለው የተመዘገቡት እትዬ አይገኙም፤ ደብተራቸውን ይዘው ቆመው «የሉም» ይባላሉ። ይህን የሚፈታ ሰው ለመለየት 15 ደቂቃ ይበቃል። ፊደላቱን ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ፈንክሽን አጽፉት፤ ሎጂኩንም፣ ቋንቋውንም፣ ለሰው ያለውን ሐሳብም በአንዴ ታዩታላችሁ።

«የመጨረሻ ስም» የሚል ሣጥንስ? አንዳንዱ የአባቱን ይሞላል፣ አንዳንዱ የአያቱን። ከዚያ ሲስተማችሁ በመጨረሻው ስም ይጠራና «ውድ አቶ እገሌ፣ ዕዳዎን ይክፈሉ» ይላል፤ ብድሩን የወሰደው የልጅ ልጅ፣ ማስጠንቀቂያው ለአያት፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ እስከ ዛሬ ከየመሥሪያ ቤቱ ይላክልናል፤ ገልብጠን ድረ ገጽ ላይ ስንለጥፈው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል፤ ደንበኛው ደግሞ «እኔ ኮምፒውተር ላይ እኮ ይነበባል» ይላል። ይነበባል፣ ፎንቱ እዚያ ስላለ። ይህን በትዕግሥት ማስረዳትም ሥራ ነው። ዲዛይነሩ በእንግሊዝኛ «ሎጊን» ብሎ የሳላት ጠባብ በተን ውስጥ «ወደ መለያዎ ይግቡ» ማስገባትም እንደዚሁ። የእንግሊዝኛው አርዕስት በትልልቁ ፊደል ሲሆን ያምራል፣ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ አርዕስቱ እንዲለይ ሌላ ዘዴ መፈለግ አለብን። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተጠይቄ አላውቅም።

ደግሞም ስልኩ። ገጹን ቢሮ ውስጥ በትልቅ ስክሪንና በፈጣን መስመር እናየዋለን። ተጠቃሚያችን ግን መስታወቱ የተሰነጠቀ ቴክኖ ይዞ፣ የቀኑን ፓኬጅ ቆጥቦ፣ ታክሲ ውስጥ ቆሞ ነው የሚከፍተው።

በትክክል የፈተነኝ አንድ ቤት ነበር። መገናኛ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ፣ አራት ሠራተኛ ያላት ትንሽ ድርጅት። ባለቤቱ ስገባ ተነሥቶ ጨበጠኝና ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠኝ። ከጎኑ አሮጌ ስልክ አኖረ። «ይኼ ገጽ በዚህ ስልክ ለመከፈት አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ለምን እንደሆነ አብረን እንይ። ኢንተርኔት መጠቀም ትችያለሽ፣ እኔንም መጠየቅ ትችያለሽ» አለኝ። በአማርኛ። አብረን አየን። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኮዱን ነበር፣ ተሳሳትኩ፤ እሱም አየ፣ ዝም ብሎ ተወኝ። ከዚያ ጥፋቱን አገኘሁት፦ ከላይ ያለችው የባለቤቱ ፎቶ፣ 4 ሜጋ ባይት የምትጠጋ፣ ከካሜራ እንደወጣች የተለጠፈች። በስክሪኑ ላይ የምትታየው ግን የቴምብር ያህል ሆና ነው። ሁለታችንም ሳቅን። «ራሴ ነኝ የለጠፍኳት» አለ። 40 ደቂቃ ፈጀ። ስወጣ እንዴት እንደማስብ፣ ስሳሳት ምን እንደምሆን፣ አብሮኝ መሥራት ምን እንደሚመስል ያውቃል። እኔም እሱን አውቄዋለሁ። በማግሥቱ ደወለ። ሁለት ዓመት ሠራሁለት።

ትንሽ ቤት ስለሆነ ይችላል፣ እኛ 300 አመልካች ይመጣብናል ትሉኛላችሁ። ይገባኛል፤ እኔም ክምር ሲቪ አይቻለሁ። መንግሥት በሐምሌ 2016 የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሰርተፊኬት የያዙ ልጆችን ገና ብዙ ያመጣባችኋል፤ ሁሉም የእናንተን በር ነው የሚያንኳኩት። ግን 300 ሰው ለማጣራት የወረቀት ፈተና ከሰጣችሁ የምታገኙት የወረቀት ፈተና ጎበዞችን ነው። የሠሩትን አንድ ነገር ሊንክ ላኩ በሏቸው፤ በስልካችሁ ክፈቱት። አምስት ደቂቃ ነው። ብዙው እዚያው ላይ ይለያል።

ቻትጂፒቲ ይጽፍላቸዋል የሚለውን ስጋትም ሰምቻለሁ። አንዳንዶቻችሁ ወደ ወረቀቱ የተመለሳችሁት በዚህ ሰበብ ነው። ይጻፍላቸው። ከዚያ ጎናቸው ተቀመጡና «ይቺ መስመር ምን ትሠራለች? ጳጉሜ ላይ ምን ይሆናል?» በሏቸው። ያልገባው ሰው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቃል። እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፤ እናንተም ትጠቀማላችሁ፣ አንካካድ።

ደግሞስ ይህ ሁሉ ፍርሃት ለምንድን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይሰጣችኋል። በጽሑፍ ይሁን እንጂ ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያ መሸኘት ትችላላችሁ። ሕጉ ሦስት ወር የሚጠጋ እውነተኛ ፈተና በእጃችሁ አስቀምጦ ሳለ አራት ዙር ኢንተርቪው፣ ከዚያ ዋስ፣ ከዚያ ክሊራንስ፣ ከዚያ ለዋሱ የደመወዝ ማረጋገጫ። ላፕቶፕና ወንበር ለምትሰጡት ሰው ነው እኮ፤ የካዝና ቁልፍ አስረከባችሁት እንዴ?

ባለትዳር ነሽ ወይ፣ ልታገቢ ነው ወይ፣ ልጅ ልትወልጂ ታስቢያለሽ ወይ የሚለውን ጥያቄ በሁለት ቤት ተጠይቄአለሁ። አብሮኝ የገባው ወንድ አልተጠየቀም፣ ጠይቄው አረጋግጫለሁ። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ተዉት።

ደመወዝ። ማስታወቂያችሁ ሁልጊዜ «በስምምነት» ይላል። ከዚያ ኢንተርቪው ላይ «ስንት ትጠብቂያለሽ?» ትላላችሁ። ዝቅ ብል ተያዝኩ፣ ከፍ ብል ተባረርኩ። በጀታችሁን እኮ ታውቁታላችሁ፤ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ጻፉት። የማይስማማው አይመጣም፣ የእናንተም ጊዜ ይተርፋል፣ የስድስተኛው ፎቅ ደረጃም እረፍት ያገኛል።

የመጨረሻዋ ነገር መልስ ነው። «አልተመረጥሽም» የምትል ሁለት መስመር የቴሌግራም መልእክት ስንት ትፈጃለች? ለስድስት ሰው ስድስት ደቂቃ። ሰው መልስ እየጠበቀ ሌላ ዕድል ያሳልፋል፤ ለእናቱ «በዚህ ሳምንት ይነግሩኛል» ብሎ ሳምንት በሳምንት ይገፋል። እናቴ የሜክሲኮውን ድርጅት ስም አሁንም አልረሳችም፤ በታክሲ ስናልፍ ሕንጻውን ታየውና «እነዚያ ሰዎች ደወሉ?» ትለኛለች። አልደወሉም እማዬ።

እኔ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ባለሁበት ቤት ኢንተርቪውን በኮምፒውተር፣ በአማርኛ፣ በአንድ የተበላሸ የቀን መምረጫ እንድናደርገው ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። የፈተናውን ፋይል ለሚፈልግ ድርጅት እልካለሁ፤ በነጻ ውሰዱት። የሣጥኑ ስም ሽሮ-ካርድ ነው።

ከሠላምታ ጋር
አንዲት የፍሮንት ኢንድ ባለሙያ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ከጅማ መጥተህ «ኋላ ታሳየኛለህ» ላልኩህ ወንድሜ። ፋርማሲውን አይቼዋለሁ። ዘመነ ሉቃስን በትክክል ነው ያሰላኸው። ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ ቁጥሬ ያኔ ቀጠሮህን በነገርኩህ መልእክት ላይ አለ፤ ካልሆነም እኔ ዛሬ ማታ እደውላለሁ።